ሜትር የማያነብ ልጅ በር አይሠራም፦ «ከዲግሪ ሙያ ይቅደም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ከዲግሪ ሙያ ይቅደም» ይላል። ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ትምህርት ቤት መክሸፉን የ12ኛ ክፍል ውጤት መስክሯል፤ ስለዚህ ልጆቻችንን አሥር አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ወደ ጋራዥ፣ ወደ ብየዳ ቤትና ወደ ልብስ ስፌት እናስጠጋቸው፤ ጀርመንም እንዲህ አድርጋ ነው የበለጸገችው፤ የቀረውን ዕውቀት ከስልካቸው ያገኙታል፤ አባቶቻችን ያንን ሁሉ ግንብ ሲገነቡ ዲፕሎማ አልነበራቸውም፤ እንቅፋቱ ዲግሪ ዲግሪ የሚለው ወላጅ ነው። ጽሑፉ ይህንን ነው የሚለው።

የጸሐፊው ብዕር ስል ነው፤ ቅንነታቸውንም አልጠራጠርም። እኔ ደግሞ እንጀራዬ እርሳቸው ከሚያወድሱት ሙያ ነው፤ በዚሁ ከተማ የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ። ሙያ ይከበር ሲሉ ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነኝ። ለማስከበሪያ ብለው ያቀረቡት መንገድ ግን ሙያውን ራሱን የሚገድል ሆኖ ስላገኘሁት ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከፈተናው ልጀምር። ቁጥሩን አላዛቡም። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ያሳፍራል፤ አንከራከርም። የምንለያየው ልጁ የት ነው የወደቀው በሚለው ላይ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የታችኛው ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ተመዝኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ልብ በሉ፤ በ2014 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጡት ልጆች ፊደል መቁጠር የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል ሲገፉ ቆይተው መጨረሻ ላይ ፈታኝ ፊት ሲቀመጡ ነው የታዩት። በዓለምም ያለው ይኸው ነው። የዓለም ባንክ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከአሥር ዓመት ልጆች 70 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ይላል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ናቸው። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ደብተር ይዘው ይሄዳሉ፣ ደብተር ይዘው ይመለሳሉ።

ይህ ለብየዳ ቤት ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ወደ ወርክሾፕ ልውሰዳችሁ። ወርዱ 90፣ ቁመቱ 210 ሳንቲ ሜትር የሆነ የላሜራ በር እንዲሠራ የታዘዘ ልጅ አስቡ። ፍሬሙ ከቱቦላሬ፣ ውስጡ ባዶ ከሆነው የብረት ዘንግ፣ ነው፤ አንዱ ቱቦላሬ 6 ሜትር ይረዝማል። ልጁ ሁለት ቋሚ በ210፣ ሁለት አግዳሚ በ90 ብሎ ይደምራል፤ ልክ 600 ሳንቲ ሜትር ይመጣለታል። አንድ ቱቦላሬ በቃኝ ብሎ ደስ እያለው ይቆርጣል። መጀመሪያ ነገር የመቁረጫው ዲስክ በእያንዳንዱ ቁርጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚበላ የመጨረሻዋ ቁራጭ ከ90 አንሳ ትገኛለች። ይህ እንኳ ይታለፍ። ዋናው ጉድ አግዳሚዎቹ የሚገቡት በቋሚዎቹ መካከል መሆኑ ነው። የቋሚው ወርድ 4 ሳንቲ ከሆነ ሁለቱ ተደምረው 8 ይጨምሩበትና በሩ 98 ይሆናል፤ ከተተወለት ክፍት ቦታ አልገባም ይላል። አግዳሚው መቆረጥ የነበረበት 82 ላይ ነበር። ሒሳቡ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው፤ የታችኛው ክፍል ሒሳብ ነው። ግን የተበላሸው ቱቦላሬ ዋጋው የዋዛ አይደለም፤ ባለቤቱም ልጁን ሁለተኛ መቁረጫ አያስጨብጠውም።

ወደ እኛ ከሚመጡት ሰልጣኞች ሜትር ሲሰጣቸው ሚሊውን ከሳንቲው የማይለዩ አሉ። ንድፍ ሲዘረጋላቸው ሥዕሉን አይተው ጽሑፉን የሚዘሉም አሉ። እጃቸው ፈጣን ነው፣ ዓይናቸው ልክ ነው፣ ብየዳቸው ያምራል። እንዲህ ያለው ልጅ ሌላ ሰው ለክቶ፣ ሌላ ሰው ምልክት አድርጎ ካልሰጠው አይንቀሳቀስም። «ያዝልኝ፣ አቀብለኝ» እየተባለ ረዳት ሆኖ ፀጉሩ ይሸብታል። ኤሌክትሪክ ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ከብረት ብክነት ያልፋል። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ተብሎ ገመዱ ላይ የተጻፈውን የማያነብ ልጅ የሰው ቤት ያቃጥላል። የብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ የምንለው፣ ከተግባሩ ሌላ የጽሑፍ ፈተና እንዳለውም ጸሐፊው አላነሱም። በተግባሩ አንደኛ ሆነው በጽሑፉ የሚቀሩ ልጆችን አውቃለሁ። ሙያ ማንበብ ላቃተው ልጅ መሸሸጊያ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ዛሬ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ሥራ ላይ በነበሩ።

ሁለተኛው ነጥባቸው ጀርመን ነው። እዚህ ላይ ግማሹን ነግረውናል። በአብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች ልጆች ከ4ኛ ክፍል በኋላ፣ በአሥር ዓመታቸው ገደማ፣ ወደተለያየ ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሚመደቡ እውነት ነው፤ በዚያውም አገር ሲያከራክር የኖረ አሠራር ነው። ግን ምደባው ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ የሙያ ተለማማጅ የሚሆነው 9 ወይም 10 ዓመት አጠቃላይ ትምህርት ጨርሶ ነው። ከዚያ በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ መሠረት ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል፤ ወርሃዊ ክፍያ ይታሰብለታል፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የሙያ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። በመጨረሻም የሚፈትነው ያሠራው ሰው ሳይሆን የንግድና ኢንዱስትሪ ወይም የዕደ ጥበብ ምክር ቤት ነው። አሠሪው ልጁን ጎማ ሲያሳጥበው ቢከርም ፈተናው ላይ ይጋለጣል።

አሁን አዘዞ መንገድ ላይ ወዳሉት ጋራዦች እንምጣ። ረዳት ሆኖ የገባ ልጅ የትኛው ውል አለው? ምሳውን ከበላና የሻይ ከተሰጠው እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል። ካቻቢቴና ፒንሳ ሲያቀብል ይውላል፤ ሞተር ሲፈታ ግን «ሂድ ሻይ አምጣ» የሚባልባቸው ቤቶች አሉ፤ ባለሙያው ዕውቀቱ እንዳይወሰድበት ይሠጋል። ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አታሠሩት ይላል። ስለዚህ የጸሐፊው «አሥር አሥራ ሁለት ዓመት» ከጀርመንም አልመጣ፣ ከአገራችንም ሕግ ጋር አይስማማ። በዚያ ዕድሜ ሥራ ለምደው የቀሩ ልጆችን ማየት የሚፈልግ ሰው ክረምት ላይ የመተማ መኪና ከሚሳፈርበት ይቁም። ሰሊጥ አርመን እንመለሳለን ብለው የሚወጡ፣ መስከረም ላይ ስማቸው ሲጠራ የማይገኙ ልጆች በየክፍሉ አሉ። ሥራ መልመድ ብቻውን ባለሙያ ቢያደርግ ኖሮ መተማ የባለሙያ አገር በሆነች።

ስለ ሴት ልጆች ጽሑፉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ጋራዥ አትገባም፤ ወይ ሰው ቤት ትቀጠራለች፣ ወይ ትዳራለች። ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ቢልም።

ሦስተኛ፣ ስልክ። ቀሪውን ዕውቀት ከስልክ ያገኙታል የሚለውን ሳነብ ፔሩ ትዝ አለችኝ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚለው ዘመቻ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ ዓለም ሁሉ አጨብጭቦለት ነበር፤ ከማንም አገር አብልጣ ያከፋፈለችው ፔሩ ነበረች። በኋላ በገጠር ባሉ 319 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤቱ ሲመረመር ላፕቶፑን ያገኙት ልጆች በሒሳብም በቋንቋም ካላገኙት ተሽለው አልተገኙም። ዕቃው መጣ፤ ከዕቃው ጋር የሚያስተምር ሰው አልመጣም። ለሚያነብ ልጅ ስልክ ትልቅ በር መሆኑን አልክድም። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ከሰልጣኞቻችንም የሚከታተሉት አሉ፤ ግን የሚከታተሉት ቀድሞውንም ማንበብ የማያስቸግራቸው ናቸው። ያላነበበው ስልኩን ሲይዝ የሚያየው ምን እንደሆነ ለጎንደር ወላጅ አልነግረውም።

ደግሞስ ነሐሴ 2015ን እንዴት ረሱት? በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ትምህርታችንን በሙሉ ስልክ ላይ ሰቅለን ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ልጆቻችንን ምን እናደርጋቸው ነበር? ዩኔስኮም በ2023 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ በዓለም ላይ ካሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት ያላቸው 40 በመቶ ብቻ ናቸው ብሏል።

አራተኛው ነጥብ አባቶቻችን ናቸው፤ ጎንደሬ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፋሲል ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. ሲቆረቁሩ፣ ከዚያም በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን ግንቡ ሲቆም፣ ግንበኛው ዲፕሎማ አልነበረውም፤ ልክ ነው። ጸሐፊው ግን የአባቶችን ትምህርት አልባነት ከዚህ ሲያወጡ የከተማቸውን ሌላ ግማሽ ዘለሉ። ጎንደር ከግንቧ እኩል የምትታወቀው በአብነት ትምህርቷ ነው። አቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን የዜማና የዝማሜ ትምህርት፣ ሊማር የፈለገ ከየትኛውም አገር ተነሥቶ ወደ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ይመጣ ነበር። የቆሎ ተማሪ ምን ያህል ይደክም እንደነበር አባቶች ይተርካሉ፤ እንዴት ይማር እንደነበር ግን ብዙም አናስተውልም። በፊደል ይጀምራል፤ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ ንባብ፣ ከዚያ ዳዊት። ንባቡ ሳይጠራ ወደ ዜማ አይሄድም። ዕድሜህ ስንት ነው ብሎ ቦታ የሚሰጠው የለም፤ የት ደረስክ ነው የሚባለው። አንድ የኔታ ዘንድ የስምንት ዓመቱም የአሥራ አምስት ዓመቱም እኩል ፊደል ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። የጠነከረው ቶሎ ያልፋል፣ የዘገየው ሳያፍር ይቆያል። ግርፋቱንና ረኃቡን አላወድስም፤ የደረጃ አሰጣጡን ግን ማንም ሊንቀው አይችልም።

ይህንን አሠራር ዛሬ ዓለም ከሕንድ እየተማረው ነው። ፕራታም የሚባል በ1995 እ.ኤ.አ. ሙምባይ ላይ የተቋቋመ ድርጅት አለ። መንገዱ ቀላል ነው፦ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በቀን ለተወሰነ ጊዜ ከክፍላቸው አውጥቶ በችሎታቸው ይመድባል። ፊደል የሚቆጥረው ከሚቆጥረው ጋር፣ ቃል የሚያነበው ከሚያነበው ጋር፣ አንቀጽ የደረሰው ከደረሰው ጋር። ውጤቱ ተደጋግሞ ተፈትሾ በጎ ሆኖ ስለተገኘ ዛምቢያን የመሳሰሉ የአፍሪካ አገሮችም ወስደውታል። እኛ ከበዓታ ጓሮ የነበረንን ትተን ልጁን ሰባት ዓመት ሞላህ፣ ግባ፤ ስምንት ሞላህ፣ እለፍ ስንለው ኖርን። አባቶቻችንን ከጠቀስን አይቀር ይህንን እንጥቀስላቸው።

አምስተኛው ጥፋተኛ ወላጅ ነው ተብሏል። ይህንን ለደምቢያና ለወገራ እናቶች ፊት ለፊት ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል። ልጃቸውን ከተማ ቤት ተከራይተውለት፣ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ስንቁን እንጀራውን ተሸክመው የሚያቀብሉ ናቸው። በእኛ ክልል ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል ተብሎ ተነግሯል። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን ወላጅ በዲግሪ ናፋቂነት መክሰስ ፍርድ አይደለም።

ሙያ የሚናቅ መሆኑ ግን እውነት ነው። ንቀቱን ያመጣው ዲግሪ ነው የሚለው ላይ ነው ጸሐፊው የሳቱት። ዲግሪ ሳይታወቅ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በዚህች ከተማ ስድብ ነበር የሚከፈላቸው። ጸሐፊው በሚኮሩበት ግንብ ላይ የደከሙት የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞች ነበሩበት፤ ውለታቸው ቡዳ መባል ሆነ። የቤተ እስራኤል መንደር በነበረችው ወለቃ ላይ ሸክላ እያየ ለፎቶ የሚቆም ሁሉ ይህንን ቢያስታውስ አይከፋም። መንግሥትም በበኩሉ ንቀቱን በሥርዓት አጸናው። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በነበረ ጊዜ ወደ መሰናዶ ያለፈው አለፈ፤ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ተላከ። ወደቅህ ተብሎ የተላከ ልጅ መክፈቻ ቀን ወርክሾፕ ሲገባ ፊቱ ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ። ወላጁ ይህንን አይቶ ልጄን አልሰጥም ቢል ምን ይገርማል? አሁን የጸሐፊውን የሐሳብ መንገድ ተከትለን የሰነፈውን ልጅ በአሥር ዓመቱ ወደ ሙያ ብንሰደው ያንኑ ንቀት አምስት ስድስት ዓመት ቀድመን እንጀምረዋለን።

ምን ይሁን ታዲያ? ጸሐፊው አማራጭ የሌለው ትችት ከንቱ ነው ብለዋል፤ በዚህ እንስማማለን። ዲግሪና ሙያ አይጣሉም ለሚለው ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ሲጨርስ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የበቀለው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር፤ ሕሙማን እያዩ፣ መርፌ እየወጉ፣ ሽንት ቤት እያስቆፈሩ ተማሩ። ክፍል የተማሩትን ሜዳ ላይ፣ ሜዳ ያዩትን ክፍል ውስጥ። ያንን የመሰለ ለግንበኛና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛም ይቻላል። የፋሲል ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ኋላ ላይ መነሣት ነበረበት። ኖራ አብላልቶ፣ ድንጋይ ጠርቦ፣ እንደ ጥንቱ የሚገነባ ግንበኛ ለዚህች ከተማ ዘላለም ያስፈልጋታል። 15 ዓመት የሞላቸው፣ ንባብና ልኬት የሚችሉ ወጣቶች በውልና በክፍያ ግንቡን ከሚጠግኑት ባለሙያዎች ጋር ይመደቡ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ክፍል ይግቡ፤ የሚፈትናቸውም ያሠራቸው ሰው አይሁን። ጸሐፊው የወደዱት የጀርመን አሠራር ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በታች ያለው ሥራ ደግሞ ይበልጥ ርካሽ ነው። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶቻችን ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉት ልጆች በቀን አንድ ሰዓት በደረጃቸው ይመደቡ። መመደቢያው ፈተና አንድ ገጽ ነው፤ ፊደል፣ ቃል፣ ዓረፍተ ነገር፣ አጭር ታሪክ። የመምህራን ኮሌጁ ዕጩዎች ለልምምድ ሲወጡ የዝቅተኛውን ቡድን ያግዙ፤ ብዙውን ጊዜ ከክፍል ኋላ ተቀምጠው ማስታወሻ ሲይዙ ነው የሚውሉት። አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም፤ ርእሰ መምህሩ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ለመንካት ከደፈረ በአንድ ሴሚስተር ይጀመራል። ወደ እኛ ሲደርሱ ማንበብና መለካት የሚችሉ ከሆኑ እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ስለ ሳንቲ ሜትር ሳወራ አልከርምም፤ በቀጥታ ወደ ብየዳው እንገባለን። ለዚያ ደግሞ ኤሌክትሮድና ቱቦላሬ ያስፈልጋል፤ እርሱን የሚመልሰው በጀት ነው፤ ጸሐፊው ቀጣዩን ብዕራቸውን ወደዚያ ቢያዞሩልን አብሬያቸው እፈርማለሁ።